በጥንቱ ገና የተፈረመ ውል

ቬልማ ክራውስ በስልሳ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜዋ ሳታነብ የፈረመችው ሁለት ወረቀት ብቻ ነው። አንደኛው የጋብቻ ወረቀቷ ሲሆን በእሱ አልተጎዳችም፤ ባሏ ኧርል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደግ ሰው ነበር። ሁለተኛውን ያስፈረማት ብራይስ የሚባል ምላሱ ቅቤ የሆነ ጎልማሳ ነው። እሱም እንደ ኧርል ፈገግ ብሎ ነበር ብዕር ያቀበላት።

ብራይስ ታማራክ ለሚባል የጋዝ ኩባንያ ቤት ለቤት እየዞረ ባለመሬቶችን የሚያስፈርም ሰው ነው። የቬልማ ወጥ ቤት ገብቶ፣ ጫማውን ሳይነግሩት አውልቆ፣ የጋገረችውን የፖም ፓይ ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላ። «እማማ ቬልማ፣ ይቺ እኮ ምንም አይደለችም» አላት። «መኪኖቻችን በመንገድዎ አልፈው የመሬቱን ውስጥ ንዝረት እንዲለኩ ፈቃድ ብቻ ናት።» ወረቀቱ በሰሌዳ ላይ ተቆንጥጦ የመጨረሻው ገጽ ብቻ ወደ ላይ ተገልጦ ነበር። ፈረመች። ለመንገድም ብላ ፓይ ጠቅልላ ሰጠችው፤ በኋላ ከሁሉም በላይ የቆጫት ይህ ነው።

ከስድስት ወር በኋላ ቀያሾች ኮረብታዋ ላይ ወጥተው አርባ ሦስት የሜፕል ዛፎች ላይ ሮዝ ጥብጣብ አስረው ሄዱ። ቬልማ አውራጃው መዝገብ ቤት ሮጣ ስታይ፣ ከመሬቷ በታች ያለውን ጋዝ በሙሉ ለታማራክ ሰጥታለች፤ ለጋዙ መቆፈሪያ ጉድጓድም ኮረብታው ላይ ቦታ ፈቅዳለች። የመጨረሻው ገጽ የእሷ ነው። ከፊቱ ያሉት አምስት ገጾች ግን ዓይኗ አይቷቸው አያውቅም። ዛፎቹ የቅድመ አያቷ ዘመን ናቸው። በየዓመቱ ብርዱ ሲላላ ግንዳቸው ተበስቶ ውኃቸው በባልዲ ይጠራቀማል፤ ጎረቤቷ አትሊ ትሮየር፣ ያለ መኪና በጥንቱ ሥርዓት ከሚኖሩት አሚሽ የሚባሉ ክርስቲያኖች አንዱ፣ በፈረሶቹ እየጎተተ ወደ ማፍያ ጎጆው ያወርደዋል፤ ቀንና ሌሊት ተፍልቶ ሽሮፕ ይሆናል፤ ለሁለት ይካፈሉታል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረዋል። ታማራክ አሁን ኤፕሪል አንድ ቀን ዶዘር አስገብቶ ኮረብታውን ሊመነጥር ነው።

ቬልማ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት። ስልሳ ልጅ ከጀርባዋ ሲያብድ በበረዶ ላይ መሪ የያዘች ሰው በጋዝ ኩባንያ አትደነግጥም። እልኋ ግን ተነሳ።

ጠበቃዋ ዶሚኒክ ካርፋኞ ከያንግስታውን ነው። ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጫማውን በየቀኑ ያስጠርጋል፤ ስለ ሕግ ሲያወራ እንደ ሰፈር ሐሜት ነው።

«በምን ሕግ እንደምንከሳቸው ታውቂያለሽ?» አላት መጀመሪያ ቀን። «ወሮበላ ቡድን ለመበተን በወጣው የፌዴራል ሕግ። ለእነማን እንደወጣ ታውቂያለሽ? ለአጎቴ ለሳል! አሥራ ሁለት ዓመት እስር ቤት አስቀምጦታል። ግን ሕጉ አንድ በር ከፍቷል፤ የተደራጀ ቡድን በፖስታና በስልክ እያጭበረበረ ንብረቱን የጎዳበት ተራ ሰው፣ ራሱ ከሶ ሦስት እጥፍ ካሳ ማግኘት ይችላል።»

«አጎትህ ይኮራብሃል?»

«በመቃብሩ እየተገላበጠ ነው። ግን ስሚኝ። አንድ ጊዜ ያታለለ ሰው ተራ አጭበርባሪ ነው። ይህ ሕግ የሚነካው ሥራዬ ብሎ፣ ደጋግሞ የሚያታልለውን ነው። አንቺ አንድ ነሽ። ዳኛዋ ማርች አሥራ አንድ ቀን ትሰማናለች። ያን ቀን ሌላ የተታለለ ሰው ካላሳየናት ዶዘሩን አታስቆምልንም። ሰው አምጪልኝ።»

ሰው ማምጣት ቀላል መስሏት ነበር። በአውቶቡሷ ያሳደገቻቸውን ሁሉ በር አንኳኳች። አንዱ «እኔ እንኳ አንብቤ ነው የፈረምኩት» አላት፣ ዓይኑን ከእሷ ላይ አንስቶ። ሌላዋ «ባሌ እንዳይሰማ» ብላ በሩን በቀስታ ዘጋችባት። መታለል ያሳፍራል፤ ሰው ከመሰረቁ ይልቅ ሞኝ መባሉን ይፈራል። ቬልማ ይህን ታውቃለች፤ እሷም ስለ ፓዩ ለማንም አልተናገረችም።

በፌብሩዋሪ መጨረሻ ዶሚኒክ ከመዝገብ ቤት ያስገለበጣቸውን ውሎች ይዞ መጣና ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቸው። አሥራ አንድ ናቸው። ሁሉም ላይ ያለው ካንተን ከተማ ያለ የአንድ ውል አረጋጋጭ ማኅተም ነው።

«አንድ ማኅተም ብቻውን ወንጀል አይደለም» አለ ዶሚኒክ መነጽሩን እየጠረገ። «አንድ ሰው ብዙ ውል ያረጋግጣል። እነዚህ አራቱ ደግሞ አሚሾች ናቸው፤ ትሮየር፣ ዮደር፣ ሁለት ሚለር። አራቱም በአንድ ቀን ቢሮው ድረስ መጥተው በፊቱ ፈርመዋል ይላል።»

«አትሊ? አትሊ ጋዝ ሸጠ?»

«ይኸው። ያለፈው ዓመት ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበረው። ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ ስድስት፣ ከጧቱ አራት ሰዓት።»

ቬልማ ወረቀቱን ከእጁ ነጠቀችው። አንድ ጊዜ አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ዶሚኒክ ደንግጦ ውኃ ሊቀዳላት ተነሳ።

«ምን ሆነሻል? ምኑ ነው የሚያስቀው?»

«ጃንዋሪ ስድስት!» አለች ትንፋሽዋ እየተቆራረጠ። «ዶሚኒክ፣ ጃንዋሪ ስድስት እኮ የጥንቱ ገና ነው! እዚህ አገር ያሉ አሚሾች ገናን ሁለት ጊዜ ነው የሚያከብሩት፣ አንዴ ዲሴምበር ላይ፣ አንዴ እንደ ጥንቱ አቆጣጠር፤ ያን ቀን ሱቅ ዝግ ነው፣ እንጨት ፍልጫ ቤቱ ዝግ ነው፣ ጋሪ እንኳ ጧት አይወጣም። እስከ ቀትር ጾም ነው። ቤታቸው ተቀምጠው ነው የሚጾሙት። በዚያን ቀን በአራት ሰዓት አንድ አሚሽ ካንተን ሄዶ የጋዝ ውል ፈረመ ከምትለኝ፣ ፈረሱ ሄዶ ፈረመ ብትለኝ ይሻለኛል።»

ዶሚኒክ ውኃውን ራሱ ጠጣው። «ለታማራክ ተራ ማክሰኞ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ጠረጴዛቸው ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ ምንም አልተጻፈበትማ።» ከዚያ ፊቱ ጠቆረ። «የአንቺን ገጽ ቀየሩ። የእነሱን ግን ለማስፈረም እንኳ አልደከሙም። ለምን?»

ቬልማ መልሱን አውቃዋለች፤ ሳቋም ጠፋ። አሚሽ አይከስም። ኮቱን የወሰደበትን ሰው ፍርድ ቤት አያቆምም። ብራይስ ይህን አጣርቶ ነው የገባው። የማይጮህ ሰው መርጦ ነው የሰረቀው። ደሟ ፈላ፤ ለራሷ ዛፎች እንኳ እንዲህ ተናዳ አታውቅም።

አሚሾች መኪና አይነዱም፤ ሩቅ መንገድ ሲሆን ነጂ ይቀጥራሉ። ቬልማ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቫኗን ይዛ እነሱን ታመላልሳለች። በማግስቱ አትሊን ከነሚስቱ ከፋኒ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ልትወስድ ቀጠሮ ነበራት። ፋኒ ጥርሷን በጨርቅ ይዛ ከኋላ፣ አትሊ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከፊት ተቀመጡ።

«አትሊ፣ ለታማራክ ፈርመሃል እንዴ?»

«አልፈረምኩም።»

«ፈርመሃል ይላል መዝገቡ።»

አትሊ መንገዱን እያየ ጢሙን ዳበሰ። «ደብዳቤ መጥቶልናል። ስለ ውላችሁ እናመሰግናለን ይላል። መሳቢያ ውስጥ ነው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ?»

«ሦስት ደብዳቤ ሆኗል» አለች ፋኒ ከኋላ፣ በጨርቁ ውስጥ። «እኔማ በላቸው ብዬው ነበር።»

«ምን ልበላቸው?» አለ አትሊ።

«ሌባ በላቸዋ!»

«ፋኒ።»

«ጥርሴን አሞኛል፤ ዛሬ የፈለግሁትን እናገራለሁ።»

ቬልማ ቫኑን መንገድ ዳር አቆመችው። «አትሊ፣ ማርች አሥራ አንድ አክረን ከተማ ፍርድ ቤት ና። ያን ቀን ቤትህ እንደነበርክ ብቻ ተናገር። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«አንከስም፣ ቬልማ። ታውቂያለሽ።»

«የምከሰው እኔ ነኝ!»

«አንምልም ደግሞ።»

«ዝም ስትል የሚጠቀመው ማን ነው? አንተ ትሕትና ትለዋለህ፤ እነሱ ምን እንደሚሉት ታውቃለህ? ጥሩ አጋጣሚ! በአንተ ዝምታ እኮ ነው የእኔን ኮረብታ የሚቆፍሩት። በሠላሳ ዓመት ጉርብትና ለምኜህ አላውቅም።»

አንድ የወተት መኪና ቫኑን እያርገፈገፈ አለፈ።

«ጳጳሳችንን ጠይቄ ነበር» አለ አትሊ በመጨረሻ። ቬልማ ዞራ አየችው፤ ሳትጠይቀው አስቀድሞ አስቦበት ኖሯል። «ክስ አይቻልም። እኔን ጥሩኝ ብሎ ወረቀት መለመንም አይቻልም። መንግሥት በራሱ ጠርቶ ከጠየቀ ግን ሰው እውነቱን መመለስ አለበት አለኝ።»

«ስለዚህ?»

«ስለዚህ ምንም።» ባርኔጣውን አዙሮ አዙሮ ተመለከተው። «ሐሙስ ጧት ግን ቤት ነኝ። የትም አልሄድም። ዮደርም አጥር ስጠግን ሊያግዘኝ ይመጣል። ሚለሮቹም ይመጣሉ።»

«የጥርስ ሐኪሙ ጥበቃ አይወድም» አለች ፋኒ። «ገባሽ አይደል? እንግዲህ ንጂው።»

ሐሙስ ዶሚኒክ ራሱ አራት የፍርድ ቤት መጥሪያ ይዞ መጣ፤ ያስጠረገውን ጫማ ተጫምቶ ከመኪናው ወርዶ ቀጥታ የፈረስ ፋንድያ ላይ ቆመ። አራቱ ሰዎች አንድም አጥር ሳይነኩ ተሰልፈው ይጠብቁት ነበር።

ማርች አሥራ አንድ ቀን ቬልማ አራቱንም በቫኗ ጭና አክረን ገባች። ከችሎቱ በር ላይ የታማራክ ጠበቃ ጠበቃት፤ ሃሎራን ይባላል፤ ድምፁ እንደ ነርስ ለስላሳ ነው። አትሊና ጓደኞቹ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ራቅ ብሎ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል።

«ወይዘሮ ክራውስ፣ ይህን ሁሉ ማስቀረት እንችላለን» አለ። «ውልዎ ዛሬውኑ ይሰረዛል። ጥብጣቡ ነገ ይነሳል። ኮረብታዎን ማንም አይነካውም፤ በጽሑፍ። እርስዎ ክሱን ያነሳሉ፣ ስለ ጉዳዩም አያወሩም። አለቀ።»

ዶሚኒክ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አለ። «ቃሉን ይጠብቃል። የመጣሽበት ይኸው ነው፤ ብትቀበይ አልፈርድብሽም። እዚያ ውስጥ ልንሸነፍ እንችላለን።»

ቬልማ ፈለገችው። ለምን ይዋሻል፣ አጥንቷ ድረስ ፈለገችው። ኮረብታዋን፣ ባልዲዎቹን፣ ጎጆው ውስጥ ተቀምጣ እንፋሎቱ ፊቷን ሲመታት በሐሳቧ አየች። አዎ ለማለት አፏን ከፍታ ነበር።

«የእነሱስ?» አለች።

ሃሎራን አግዳሚውን ገልመጥ አደረገ። «እነሱ አልከሰሱም።»

«አይከሱምም።»

«እንግዲያው እርስዎን አይመለከትም።»

ያቺን ቃል ባይናገር ኖሮ ምን ታደርግ እንደነበር ቬልማ ዛሬም አታውቅም። እርስዎን አይመለከትም! ብራይስም አንድ በአንድ እየነጠለ ያስፈረማቸው እንዲህ ብሎ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የጎረቤቱን ጉዳይ ጉዳይህ አይደለም ብሎ።

«ስማኝ የኔ ልጅ» አለች ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ። «እነዚህን ሰዎች የመረጣችኋቸው ስለማይከሱ ነው። እኔ ግን ወይ ፍንክች! ኮረብታዬን ከፈለግህ እዚያ ውስጥ ገብተህ ለዳኛዋ ንገራት።»

ዶሚኒክ ዓይኑን ጨፈነ። «አጎቴ ሳል ያገባሽ ነበር» አለ።

አትሊ መጀመሪያ ተጠራ። ጸሐፊው ቀኝ እጅዎን ያንሱ ሲለው እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ቀረ። «አልምልም» አለ። «አዎ ካልኩ አዎ ነው።» ዳኛዋ፣ ሽበቷን ወደ ኋላ ያስያዘች ደረቅ ሴት፣ ያለ መሐላ በማረጋገጫ ቃል እንዲናገር ፈቀደች። ዶሚኒክ ፊርማውን አሳየው። የእኔ አይደለም አለ። ውል አረጋጋጩን አይቶት ያውቅ እንደሆነ ጠየቀው። አላውቀውም አለ። ከዚያ ሃሎራን ተነሳ።

«አቶ ትሮየር፣ ነገሩ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ያለፈው ማክሰኞ የት እንደነበርኩ እንኳ አላስታውስም። እርስዎ በዚያን ማክሰኞ በአራት ሰዓት ምን ሲያደርጉ እንደነበር አስታውሳለሁ ነው የሚሉኝ?»

«አዎ።»

«ምን እያደረጉ ነበር?»

«ርቦኝ ነበር» አለ አትሊ።

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቀችም። ብዕሯን አስቀምጣ «ያስረዱ» አለችው።

«የጥንቱ ገና ነበር፣ ክብርት ዳኛ። እስከ ቀትር እንጾማለን። ስልሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ በየዓመቱ በዚያን ቀን በአራት ሰዓት የት እንዳለሁ ቢጠይቁኝ መልሱ አንድ ነው። ቤቴ ነኝ፤ ርቦኛል።»

ሃሎራን ወረቀቱን አገላበጠ። «ዛሬ ማን አመጣዎት?»

«ቬልማ።»

«ከሳሿ! ለዚህ ደግነቷ ምን ቃል ገቡላት?»

«ደግነት?» አትሊ ግራ ተጋባ። «ከፍዬ ነው የመጣሁት። በማይል ነው የምታስከፍለኝ። ሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ናት፤ ሳንቲም ቀንሳልኝ አታውቅም።»

በዚህ ጊዜ ዳኛዋም አፏን በእጇ ሸፈነች። ቬልማ እስከ ጆሮዋ ቀላች።

«ታዲያ ምን ፈልገው መጡ?» አለ ሃሎራን፤ የድምፁ ልስላሴ አልቆ ነበር። «ካሳ? መሬትዎን?»

«ምንም አልፈልግም። መጥሪያ መጣ፤ መጣሁ።»

ከእሱ በኋላ ዮደር ገባ፤ ከዚያ ሁለቱ ሚለሮች። አንዱም ከአንዱ አልሰማም፤ ተራቸው እስኪደርስ ውጭ ነበሩ። ሃሎራን ሁለተኛውን ሚለር በአራት ሰዓት ምን እያደረግህ ነበር ብሎ አልጠየቀውም። ዳኛዋ ናት የጠየቀችው። «ርቦኝ ነበር» አላት።

ትእዛዙ ከቀትር በኋላ ተነበበ። ያ ማኅተም ያረፈባቸው አሥራ አንዱም መሬቶች ላይ ክሱ እስኪያልቅ ማሽን አይገባም። ታማራክ ያሰረውን ምልክት በአሥር ቀን ውስጥ ራሱ ያነሳል። ዋናው ክርክር ኦክቶበር ላይ ነው፤ ተከሳሾቹ ኩባንያው፣ ውል አረጋጋጩና ብራይስ ናቸው። ዶሚኒክ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፣ እስክትሞቺ ሊያጓትቱት ይችላሉ አላት። «ልጅ አለችኝ» አለችው ቬልማ። «ከእኔ ትብሳለች።»

ጥብጣቡን ሊፈታ በዘጠነኛው ቀን የመጣው ብራይስ ራሱ ነው። ኩባንያው ለሠራተኛ ሊከፍል አልፈለገም ይሁን ሊቀጣው ፈልጎ አይታወቅም። ውኃው ከዛፎቹ የሚፈስበት፣ ብርዱ ግን ገና ያልለቀቀ ጧት ነበር፤ ኮረብታው ጭቃ ሆኗል። ቬልማ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ ነበር። ብራይስ መቀስ ሲያወጣ ጣቷን አወዛወዘች።

«መቀስ የለም። አስራችሁታል፤ በእጅህ ፍታው።»

«እማማ ቬልማ፣ በዚህ ብርድ ጣቴ...»

«እማማህ አይደለሁም።»

ፈታ። ቋጠሮው በዝናብና በበረዶ ጠብቆ እያንዳንዱን በጥፍሩ ሲታገል ቆየ። ከዛፍ ዛፍ እየተንሸራተተ ሄደ፤ አንዱን ሲዘል «ከኋላህ» ትለዋለች። አሥራ አራተኛውን ፈትቶ ሲጨርስ አትሊ ፈረሶቹን እየነዳ ከጎጆው ወጣ። በቆርቆሮ ኩባያ ትኩስ ሽሮፕ ይዞ ነበር። ቀጥ ብሎ ሄዶ ለብራይስ ሰጠው።

«አትሊ!» አለች ቬልማ። «ለዚህ?»

«በርዶታል» አለ አትሊ።

ብራይስ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ አንዴ አትሊን አንዴ መሬቱን አየ። ያ ቅቤ ምላሱ ተሳስሮ ነበር። «አቶ ትሮየር» አለ። «የእርስዎን ስም... እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«አውቃለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ።»

ብራይስ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ትከሻው ወረደ፤ ዓይኑ ረጠበ። ያን ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ባሳያት በዚያው ፈገግታ ወደ ቬልማ ዞረ።

ቬልማ ከባልዲዋ ተነሳች።

«እሱ ይቅር ብሎሃል» አለችው። «እኔ ግን ከስሼሃለሁ። ጠጣና ፍታ፤ ሃያ ዘጠኝ ይቀርሃል።»